ስለ ዛፍ እባጭ፤ ምንነቱ፥ አወሳሰዱና አሠራሩ

በየዓመቱ ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ተሳላሚዎች ጎልጎታን ተሳልመው፥ ጌቴሴማኒን አይተው፥ ቤተ ልሔም በደረሱ ጊዜ ለዘመድና ለነፍስ አባት የሚሆን መታሰቢያ ይገዛሉ። ከሚገዛውም ዕቃ የሚበዛው ከወይራ እንጨት የተሠራ ነው። መስቀሉ፥ መቍጠሪያው፥ የበረቱ ምስል፥ ጎድጓዳው ሳሕን ሁሉ ከዚሁ እንጨት ይወጣል። ይህ ሥራ በቤተ ልሔምና በአካባቢዋ ባሉት በቤት ጃላና በቤት ሳሑር የቆየ ሲሆን፥ በ17ኛው መቶ ዓመት የቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያንን አምሳል ከወይራ እንጨትና ከዛጎል እየሠሩ ወደ ኤውሮፓ ይልኩ እንደ ነበር በየቤተ መዘክሩ ያሉት ሥራዎች ይመሰክራሉ።

በሱቁ መደርደሪያ ላይ ግን አልፎ አልፎ መልኩ ከሌላው የተለየ ዕቃ ይገኛል። የሌላው እንጨት መሥመር እንደ ተፈተለ ክር ሲወርድ፥ የዚህኛው እንደ ውሃ አዙሪት ይዞራል፤ በመካከሉም ዐይን የሚመስሉ ብዙ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉበት። ዋጋውም ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ምን ዐይነት እንጨት እንደ ሆነ የጠየቀ ተሳላሚ «ከሥር የወጣ ነው» ወይም «ከዛፍ ዕብጠት የተቈረጠ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንጨት ምን እንደ ሆነ፥ ከዛፉ እንዴት እንደሚወሰድ፥ ዛፉንም ሳይጎዱ መውሰድ የሚቻለው መቼ እንደ ሆነ መግለጽ ነው። በዛፉ ግንድ ላይ ተነፍቶ ስለሚታይ ከዚህ በታች «እባጭ» እየተባለ ይጠራል። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሀ/ እባጭ ምንድር ነው?

አስቀድሞ ጉጥንና እባጭን መለየት ያስፈልጋል። ጉጥ ማለት ቅርንጫፍ ከግንዱ የወጣበት ወይም ተሰብሮ የቀረበት፥ በእንጨቱ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ ጠንካራ ስፍራ ነው። ጉጥ የሌለው ዛፍ የለምና አናጢውን ያስቸግረዋል እንጂ አያስደንቀውም። እባጭ ግን በግንዱ፥ በቅርንጫፉ ወይም በሥሩ ራስ ላይ ክብ ሆኖ ተነፍቶ የሚወጣ ሌላ ነገር ነው። ቅርፊቱ ሻካራና የተጨማደደ ነው፤ መጠኑም ከእጅ ጭብጥ ጀምሮ ከበርሚል እስኪበልጥ ድረስ ይሆናል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ የዛፍን አስተዳደግ መመልከት ይገባል። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል አንድ ስስ ሕያው ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን በየጊዜው ወደ ውስጥ አዲስ እንጨት፥ ወደ ውጭ አዲስ ቅርፊት ይጨምራል፤ ዛፉም በዚህ ይወፍራል። በደኅናው ግንድ ላይ የእንጨቱ ጅማቶች ከታች ወደ ላይ ተሰልፈው ያድጋሉ፤ እንጨት በመጥረቢያ ሲመታ በረዥሙ የሚፈለጠውም ስለዚህ ነው። በእባጩ ውስጥ ግን ቅርንጫፍ ይሆኑ የነበሩ ብዙ እንቡጦች በአንድ ስፍራ ተከማችተው፥ ሳይፈነዱ፥ ዓመት ከዓመት ከግንዱ ጋር አብረው ያድጋሉ። አዲሱ እንጨት እያንዳንዱን እንቡጥ እየከበበ ሲያልፍ መሥመሩ ይጠማዘዛል። እንጨቱ በተሰነጠቀ ጊዜ የሚታየው እያንዳንዱ «ዐይን» እንግዲህ ያልፈነዳ እንቡጥ ያለበት ስፍራ ነው።

የእባጭ መነሻው አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ዛፍ ቅርፊቱ ከቈሰለ፥ ቅርንጫፉ ደጋግሞ ከተቈረጠ፥ ወይም ነፍሳትና ፈንገስ ካገኙት በኋላ ያወጣዋል። ሌላው ደግሞ ጉዳት ሳይደርስበት፥ በተፈጥሮው፥ ገና ቡቃያ ሳለ ከሥሩ ራስ ላይ ይዞት ያድጋል። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ እባጭ ብስባሽ አይደለም፤ እንጨቱ ከግንዱ እንጨት ይልቅ የጠጠረ ሊሆን ይችላል፤ ዛፉም እባጩን ተሸክሞ ብዙ ዘመን ይኖራል። ስለዚህ «ዛፉን ከበሽታው ላድነው» ብሎ እባጩን የሚቈርጥ ሰው ዛፉን አያድነውም፤ እንዲያውም ደኅና የነበረውን ያቈስላል።

ለ/ እባጫቸው የታወቀ ዛፎች

በጥንት ዘመን ከሁሉ ይልቅ ዝናው የወጣው በሰሜን አፍሪካ የሚበቅለው ቱያ የሚባለው ዛፍ ነው። የዛፉ እባጭ ከመሬት በታች፥ በሥሩ ራስ ላይ ይገኛል። የሮም ባለጠጎች ከዚህ እባጭ የተሠራ ማዕድ ለመግዛት እጅግ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ79 ዓ.ም. የሞተው የሮም ጸሓፊ ፕሊኒዮስ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው መጽሐፍ ሲሴሮ የተባለው የታወቀ ተናጋሪ ለአንድ ማዕድ 500,000 ሴስተርስ እንደ ከፈለ ይነግረናል፤ ከእባጩም የሚመረጠው ፈጽሞ ከመሬት በታች ያደገው እንደ ሆነ ይገልጻል። የመጻሕፍት ተማሪ ደግሞ ይህን ዛፍ በራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 18 ቁጥር 12 ያገኘዋል። ባቢሎን በወደቀች ጊዜ ነጋዴዎቿ ከሚያለቅሱላቸው ሸቀጦች መካከል በግሪኩ «ቲይኖን» የተባለ ውድ እንጨት ተቈጥሯል፤ ሊቃውንትም ይህ የቱያ እንጨት እንደ ሆነ ይናገራሉ። ዛሬም በሞሮኮ በኤሳዊራ ከተማ ያሉ ጠራቢዎች ከዚሁ እባጭ ሣጥንና ጠረጴዛ ይሠራሉ።

ሁለተኛው አስታ ነው። ይህ ቍጥቋጦ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ይበቅላል፤ በኢትዮጵያም በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከደጋው በላይ ይገኛል። ከመሬት ጋር ተጣብቆ በሥሩ ራስ ላይ የሚያድገው እባጩ እሳትን የሚቋቋም ስለ ሆነ፥ በኤውሮፓ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እየተቈፈረ ለትምባሆ ማጤሻ ፒፓ ሲሠራበት ቆይቷል፤ በፈረንሳይ አገር የሴንት ክሎድ ከተማ በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን የማትወድ ብትሆንም የእንጨቱን ጠባይ ለማወቅ የእነዚህ ሠራተኞች ልማድ ይጠቅማል፤ ስለ አደራረቁ በሚነገርበት ክፍል ይመጣል።

ሦስተኛው በሰሜን አሜሪካ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ የሚገኘው ሴኮያ ነው። ቁመቱ ከ100 ሜትር የሚያልፍ ሲሆን፥ በግንዱ ግርጌ ላይ የሚያወጣው እባጭ እጅግ ግዙፍ ይሆናል።

አራተኛው የቅድስት አገር ወይራ ነው። አርጅቶ የተጠማዘዘ የወይራ ግንድ፥ ይልቁንም ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ግርጌው፥ በብዙ ጕብታ የተሞላ ነው። ቡናማና ቢጫ መሥመር እየተጠላለፈ የሚታይበት፥ በቤተ ልሔም ሱቆች ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጠው እንጨት ከዚህ ስፍራ ይገኛል።

ሐ/ እባጭ ለዛፉ ምን ይጠቅመዋል?

እባጭ በእንቡጥ የተሞላ ነው ከተባለ፥ እንቡጡ ለምን እንደ ተቀመጠ መጠየቅ ይገባል። ሴኮያ በእሳት ቢቃጠል ወይም በነፋስ ቢወድቅ፥ በግርጌው እባጭ ውስጥ ተኝተው የነበሩት እንቡጦች ይነቁና አዲስ ቀንበጥ ይሆናሉ። የአስታ ቍጥቋጦም ቅርንጫፉ በእሳት ካለቀ በኋላ ከእባጩ ያቈጠቍጣል። በወይራ ዘንድም እንዲሁ ነው። ግንዱ ቢቈረጥ፥ ቢነቅዝ ወይም በውርጭ ቢሞት፥ ግርጌው ላይ ካለው ጕብታ ቀንበጦች ይወጣሉ፤ የጥንት ገበሬዎችም ይህን ጕብታ ከነእንቡጡ ከፍለው በመትከል አዲስ ወይራ ያበቅሉ ነበር። በአጭሩ፥ እንዲህ ባሉት ዛፎች ዘንድ የግርጌው እባጭ ለክፉ ቀን የተቀመጠ የዛፉ ጎተራ ነው።

መዝሙረ ዳዊት 127 ቁጥር 3 እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ልጆች በማዕዱ ዙሪያ እንደ ወይራ ተክል እንደሚሆኑ የሚናገረው የወይራን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ግልጥ ነው፤ በአሮጌው ወይራ ዙሪያ ከግርጌው የወጡ ቀንበጦች ከበውት ይታያሉና። መጽሐፈ ኢዮብም በምዕራፍ 14 ከቁጥር 7 እስከ 9 ስለ ተቈረጠና ሥሩ በምድር ስላረጀ ዛፍ ሲናገር፥ ተስፋ እንዳለውና ዳግመኛ እንደሚያቈጠቍጥ ያስረዳል።

የዚህ ምስክር በጌቴሴማኒ አትክልት ስፍራ አለ። በዚያ ያሉት 8 አሮጌ የወይራ ዛፎች በኢጣልያ ሊቃውንት ተመርምረው ውጤቱ በ2012 ተነግሯል። ዕድሜያቸውን መለካት የተቻለው የ3ቱ ግንዶች በ1092፥ በ1166 እና በ1198 ዓ.ም. አካባቢ የነበሩ ሆነው ተገኙ። ይህ የግንዱ ዕድሜ ነው፤ ሥሩ ግን ከግንዱ ሊበልጥ ይችላል፤ ወይራ ግንዱ ቢጠፋ ከሥሩ ራስ ይታደሳልና። ደግሞም 8ቱ ሁሉ በዘር አንድ ሆነው ስለ ተገኙ፥ ከአንድ ወይራ በተወሰዱ ተክሎች የተባዙ መሆናቸው ታወቀ። እንግዲህ ተሳላሚው በጌቴሴማኒ የሚያየው ጕብታና ጥምዝምዝ የእርጅና ምልክት ብቻ አይደለም፤ ዛፉ ይህን ያህል ዘመን የኖረበት ምክንያትም ነው።

መ/ ከቆመ ዛፍ ላይ መቍረጥ ስለሚያመጣው ጉዳት

ሰው ሲቈስል ሥጋው ይታደሳል፤ ዛፍ ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህ ነገር በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙ የመረመረው የአሜሪካው የደን ሊቅ አሌክስ ሺጎ፥ ዛፍ የተጎዳውን እንጨት መልሶ ደኅና እንደማያደርገው፥ ነገር ግን በዙሪያው ግድግዳ ሠርቶ እንደሚያጥረው አስረድቷል። አዲሱ እንጨትም ከቍስሉ ዳር እየተንከባለለ ይመጣና፥ ቍስሉ ትንሽ ከሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሸፍነዋል። ቍስሉ ትልቅ ከሆነ ግን ሳይሸፈን ብዙ ዘመን ይቀራል፤ በክፍቱም ውሃ፥ ፈንገስና ነቀዝ ይገባሉ።

እባጭ ከግንዱ ጋር የተያያዘበት ስፍራ ሰፊ ነው። ግማሽ ሜትር ስፋት ያለውን እባጭ ከግንዱ ጋር አስተካክሎ የቈረጠ ሰው ግማሽ ሜትር የሚሰፋ በር ለብስባሽ ከፈተ ማለት ነው። በግርጌው ላይ ያለ እንደ ሆነም ጉዳቱ ዕጥፍ ይሆናል፤ ግንዱን አቍስሎ፥ ግንዱ በሞተ ጊዜ ሊተካው የነበረውን እንቡጥም ወስዷልና። እንደ ቱያና እንደ አስታ ያለውን ከመሬት በታች የሚያድግ እባጭ መቈፈር ደግሞ ተክሉን ከነሥሩ መንቀል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያቈጠቍጥ ነገር አይቀርም።

የዚህ ጥፋት ምሳሌ ከካሊፎርኒያ የሴኮያ ደን ይገኛል። ሌቦች በሌሊት በሞተር መጋዝ እየገቡ ከቆሙት ዛፎች ግርጌ እባጭ እየቈረጡ ለጠረጴዛና ለጌጥ ዕቃ ሠራተኞች ይሸጡ ስለ ነበር፥ የደኑ ጠባቂዎች ከመጋቢት 2014 ጀምሮ በደኑ ውስጥ የሚያልፈውን አንድ የታወቀ መንገድ በሌሊት እስከ መዝጋት ደርሰው ነበር። ብዙ መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ በአንድ ሌሊት ተቈረጠ፤ ምክንያቱም የእባጩን ውበት ያየው ገዢ ከየት እንደ መጣ ስላልጠየቀ ነው።

ታዲያ እባጭ ፈጽሞ አይወሰድምን? ይወሰዳል። የሚወሰድበትም መንገድ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ዛፉ በነፋስ፥ በእርጅና ወይም በጎርፍ ወድቆ ሲገኝ ነው። ሁለተኛው ዛፉ ለሌላ ተገቢ ምክንያት ሲቈረጥ ነው፤ ይኸውም ፍሬ መስጠቱን ፈጽሞ ሲያቆም ወይም በመውደቁ ሰውንና ቤትን የሚያሰጋ ሲሆን ነው። ሦስተኛው እባጩ በቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ፥ ቅርንጫፉ ራሱ በግረዛ ጊዜ የሚወገድ ሲሆን ነው። የቅድስት አገር ወይራ ጠራቢዎች እንጨታቸውን በብዛት የሚያገኙት ከዚሁ ከግረዛ ነው። የወይራ ፍሬ በጥቅምትና በኅዳር ከተለቀመ በኋላ ዛፉ ይገረዛል፤ ግረዛውም ለመጪው ፍሬ ይጠቅመዋል። ስለዚህ ገበሬው ፍሬውን፥ ጠራቢው እንጨቱን፥ ዛፉም ጤናውን ያገኛል።

ሠ/ አቈራረጡ

የወደቀ ዛፍ ሲገኝ ሠራተኛው መጋዙን ከማንሣቱ በፊት ዛፉን ዞሮ ይመለከታል። የወደቀ ግንድ በአንድ በኩል ተወጥሮ ሊሆን ስለሚችል፥ ሲቈረጥ ይስፈነጠራል ወይም ይንከባለላል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን በድንጋይ ወይም በሽብልቅ ይደገፋል። በተዳፋት ስፍራም ሠራተኛው ከግንዱ በላይ በኩል ይቆማል እንጂ ከታች አይቆምም።

ከዚያም እባጩን ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መቍረጥ የጀማሪ ሥራ ነው። ብልኁ ሠራተኛ ከእባጩ ግራና ቀኝ ግንዱን ራሱን ይቈርጣል፤ እባጩንም ከነግንዱ ቁራጭ ይወስደዋል። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፥ እንጨት መሰንጠቅ የሚጀምረው ከተቈረጠው ጫፍ ስለ ሆነ፥ በሁለቱም ጫፍ ትርፍ እንጨት ካለ ስንጥቁ በትርፉ ያልቃል እንጂ ወደ እባጩ አይደርስም። ሁለተኛ፥ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ውበቱ በየት በኩል እንደሚገኝ አይቶ ለመክፈል ጊዜ ያገኛል።

የሥር እባጭ ሲሆን ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሥር ሲያድግ ድንጋይና አሸዋ ውጦ ያድጋል፤ ያልታጠበ የሥር እባጭ ላይ የገባ መጋዝ በአንድ ጊዜ ጥርሱን ያጣል። ስለዚህ አስቀድሞ አፈሩ በውሃና በብሩሽ ይጸዳል፤ በቅርፊቱ መካከል ያለው ድንጋይ በመሮ ጫፍ ይወጣል። በመንገድ ዳርና በአጥር አጠገብ ያደገ ዛፍ ደግሞ ምስማርና ሽቦ ሊውጥ ስለሚችል ሠራተኛው ይህንም ይመረምራል።

እባጭ ክብ ስለ ሆነ በሚቈረጥበት ጊዜ ይሽከረከራል። በእጅ ወይም በእግር ይዞ በሞተር መጋዝ መቍረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። አስቀድሞ አንዱ ወገን በእጅ መጋዝ ወይም በመጥረቢያ ተደልድሎ እንዲቀመጥ ከተደረገና በሽብልቅ ከጠበቀ በኋላ ብቻ ይቈረጣል።

ረ/ አደራረቁ

እርጥብ እንጨት ውሃውን ሲለቅ ይሸማቀቃል። የላዩ ቶሎ ደርቆ ሲሸማቀቅ የውስጡ ገና እርጥብ ስለ ሆነ አይከተለውም፤ ከዚህ የተነሣ ላዩ ይሰነጠቃል። የእንጨት ማድረቅ ጥበብ እንግዲህ በፍጥነት ማድረቅ ሳይሆን፥ የላዩና የውስጡ እርጥበት እንዳይራራቅ አድርጎ በቀስታ ማድረቅ ነው። ወይራ ጠጣር እንጨት ስለ ሆነ ይልቁንም መዘግየትን ይፈልጋል።

ስለዚህ እባጩ በተቈረጠበት ቀን፥ ቢዘገይ በማግስቱ፥ የተቈረጠው ገጹ ሁሉ በቀለጠ ሰም ወይም በወፍራም ቀለም ይቀባል። ሰሙ ውሃው በአንድ ጊዜ እንዳይወጣ ያደርጋል። ነቀዝ እንዳይጠለልበትም ቅርፊቱ ይነሣለታል። ከዚያም ፀሐይ በማያገኘው፥ ነፋስ በቀስታ በሚያልፍበት ስፍራ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል። የጠራቢዎች ልማዳዊ ግምት ለ2.5 ሣንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው፤ ስለዚህ 10 ሣንቲ ሜትር የሚወፍር ቁራጭ 4 ዓመት ያህል ይጠበቃል ማለት ነው።

ይህን ያህል መጠበቅ ለማይቻለው ሁለት ዘዴ አለ። የመጀመሪያው የቶርኖ ሠራተኞች ዘዴ ነው። ሳሕን የሚሆነውን እባጭ ገና እርጥብ ሳለ በሻካራው ይጐደጕዱታል፤ የግድግዳውንም ውፍረት ከሳሕኑ ስፋት ዐሥረኛ እጅ ያህል ይተዉለታል። ለምሳሌ 30 ሣንቲ ሜትር የሚሰፋው ሳሕን የግድግዳው ውፍረት 3 ሣንቲ ሜትር ይሆናል። እንዲህ ስስ የሆነው እንጨት በወራት ይደርቃል፤ ሲደርቅ ቢጣመምም በተተወለት ውፍረት ምክንያት እንደ ገና ተስተካክሎ ይፈጸማል። ሁለተኛው የአስታ ጠራቢዎች ዘዴ ነው። እባጩን ከቈፈሩበት ቀን ጀምሮ እስኪከፈል ድረስ በእርጥብ ስፍራ ይሸፍኑታል፤ ከከፈሉትም በኋላ ቁራጩን በውሃ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቀቅሉታል። መቀቀሉ የእንጨቱን ጭማቂ ያወጣል፤ ውጥረቱንም ያላላዋል፤ ከዚያ በኋላ በጥላ ይደርቃል።

እንጨት መድረቁ በዐይን አይታወቅም፤ በሚዛን ግን ይታወቃል። ቁራጩ በየወሩ ይመዘናል፤ ቀኑና ክብደቱም በላዩ ይጻፋል። ክብደቱ እየቀነሰ ሳለ ገና እርጥብ ነው። ሁለትና ሦስት ወር በተከታታይ ካልቀነሰ ግን ለዚያ ስፍራ አየር ደርቋል።

ሰ/ አሠራሩና ለምን እንደሚሆን

የእባጭ ውበት የሚመጣው ጅማቱ በሁሉም አቅጣጫ በመዞሩ ነው፤ ድካሙም ከዚያው ይመጣል። በረዥሙ የሚሄድ ጅማት ስለሌለው ሸክምና መታጠፍ አይችልም። ስለዚህ መቋሚያ፥ የመጥረቢያ እጄታ፥ የወንበር እግር፥ መሰላል ከእባጭ አይሠራም። መቋሚያ ቀጥ ካለ የወይራ እንጨት ሲሠራ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ከእባጭ ቢሠራ ግን በማኅሌት መካከል ይሰበራል። እጆቹ የቀጠኑ መስቀልም እንዲሁ ለእባጭ አይስማማም። ለእባጭ የሚስማማው ወፍራምና ክብ፥ ወይም በሌላ እንጨት ላይ የሚለበጥ ሥራ ነው፤ ይኸውም ሳሕን፥ የዕጣን ሣጥን፥ የመጽሐፍ ሰሌዳ ልባጥ፥ የአትሮንስ ጌጥ ነው።

እባጭ በመላጊያ ሲላግ ጅማቱ ይቦጨቃል። ስለዚህ መሣሪያው እጅግ የተሳለ ይሁን፤ በአንድ ጊዜም ጥቂት ጥቂት ይነሣ፤ መጨረሻውም በሞረድና ከሻካራ ወደ ለስላሳ እያሉ በብርጭቆ ወረቀት ይፈጸም። በውስጡ ቅርፊት ወይም ክፍት ስፍራ ከተገኘ የራሱ የእንጨቱ ብናኝ ከሙጫ ጋር ተለውሶ ይሞላበታል። ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል።

በመጨረሻ እንጨቱ በተልባ ዘይት ይወለወላል፤ ያን ጊዜ ዐይኖቹ ጐልተው ይታያሉ። ስለዚህ ዘይት አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ወይም ተከምሮ ከቀረ በራሱ ይግልና ያለ ክብሪት እሳት ይነሣበታል። ስለዚህ ጨርቁ ተዘርግቶ በውጭ ይድረቅ ወይም በውሃ ይነከር፤ በመጻሕፍትና በአልባሳት አጠገብ ከቶ አይጣል።

ቀ/ ለተሳላሚና ለደብር የሚሆን ምክር

ተሳላሚው ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቅ። እንጨቱ የምን ዛፍ ነው? ከግረዛ ወይስ ከወደቀ ዛፍ የተገኘ ነው? እውነተኛ ሠራተኛ ይህን ጥያቄ አይጠላም፤ እንዲያውም በመጠየቁ ደስ ይለዋል። ከዚያም ዕቃውን በእጁ ይመርምር። የዕቃው ዐይኖች ከፊቱ ወደ ጎኑና ወደ ጀርባው ተያይዘው የሚያልፉ ከሆኑ እንጨቱ እውነተኛ ነው፤ በፊቱ ታይተው በጎኑ የሚቋረጡ ከሆኑ ልባጥ ወይም በቀለም የታተመ ነው። ሲነኩት የሚቀዘቅዝና የሚከብድ፥ በጠርዙም ፀጕር የመሰለ ስንጥቅ የጀመረበት ዕቃ ገና አልደረቀም። አገሩ ከገባ በኋላም በፀሐይና በምድጃ አጠገብ አያስቀምጠው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ዘይት ይቀባው።

የደብር አገልጋይ ደግሞ ይህን ያስብ። በኢትዮጵያ ሰሜናዊ ደጋ አሮጌ ዛፍ ተርፎ የሚገኘው በብዙ ስፍራ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ነው። ያውም ወይራ ከቤተ ልሔሙ ወይራ ጋር በዘር ዘመድ ነው፤ ሊቃውንት በአንድ ወገን ይቈጥሯቸዋል፤ ፍሬው ትንሽ ይሁን እንጂ ግንዱ እንዲሁ ይጠማዘዛል፥ እንዲሁም ያብጣል። አሮጌ ወይራ ወይም ጥድ በነፋስ በወደቀ ጊዜ ቀጥ ያለው ለቤት ሥራ ይወሰዳል፤ እባጩ ግን በመጥረቢያ አልፈለጥ ስለሚል ወይ ይጣላል ወይ ይቃጠላል። የሚጣለው ይህ ቁራጭ ሰም ተቀብቶ በጥላ ቢቀመጥ ለቤተ ክርስቲያን የዕጣን ሣጥን፥ ለደቀ መዝሙሩም የእጅ ሙያ ይሆን ነበር።

ሙያው በተለመደበት ስፍራ ግን ፈተናው አብሮ ይመጣል። ገዢ ሲበዛ የወደቀ ዛፍ ያንሳል፤ ያን ጊዜ ዐይን ወደ ቆመው ዛፍ ይመለከታል። «አንድ እባጭ ቢቈረጥ ዛፉ አይሞትም» የሚል ሰው እውነት የሚመስል ነገር ይናገራል፤ ዛፉ በዚያው ዓመት አይሞትምና። የሚሞተው ቈራጩ ከተረሳ በኋላ ነው። አባቶች ተክለው የጠበቁትን፥ ከእነርሱም በኋላ ለሚመጡት የተዉትን ዛፍ አንድ ትውልድ ለራሱ ገበያ አይሸጠውም። ሕገ ኦሪት በዘዳግም ምዕራፍ 20 ቁጥር 19 በጦርነት ጊዜ እንኳ የሚያፈራውን ዛፍ መቍረጥ ከከለከለች፥ በሰላም ጊዜ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የቆመውን ማቍሰል እንዴት ይገባል?

እንግዲህ ሕጉ አጭር ነው። የወደቀውን አንሣ፤ የተገረዘውን ሰብስብ፤ የቆመውን ተው። በዚህ ሕግ የሚሠራ ጠራቢ እንጨት ያንሰው ይሆናል እንጂ አያጣም፤ ከዕቃው ጋርም ለገዢው ንጹሕ ሕሊና ይሰጠዋል።